የማያውቀኝ ሬዲዮ

መኪናዬ ውስጥ ያለው የሳተላይት ሬዲዮ ስለ እኔ አንድም ነገር አያውቅም። የትኛውን ጣቢያ እንደምሰማ አያውቅም፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደከፈትኩት አያውቅም፣ ዘፈኑ ሳያልቅ እንደቀየርኩት አያውቅም። ይሄ ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ዛሬ ለተራ ሰው ከሚሸጡ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በጣም ጥቂቶቹ ብቻ ያላቸው ብልጫ ነው፣ ማስታወቂያ ላይ ግን አይቼው አላውቅም። እኔ ዛሬ ጠቤ ከሁለት ወገን ጋር ነው። አንደኛው ይህንን ብልጫ ቆልፎ የሚያከራየው ኩባንያ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ስልክ እያለህ ሬዲዮ ምን ያደርግልሃል?» የሚለኝ የሙያ ጓደኛዬ ነው፣ ማለትም እንደኔው ኮድ ጽፎ የሚበላ ሰው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ)። በ1997 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ2320 እስከ 2345 ሜጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ለሁለት ከፍሎ በጨረታ ሸጠ። አንዱን ግማሽ በኋላ ኤክስኤም የተባለው፣ ሌላውን ሲሪየስ የተባለው ኩባንያ ወሰዱት። እያንዳንዳቸው ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍለዋል። ኤክስኤም በ2001፣ ሲሪየስ በ2002 ማሰራጨት ጀመሩ። ኤክስኤም ሁለት ሳተላይቶቹን «ሮክ» እና «ሮል» ብሎ ሰይሞ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቆማቸው። ሲሪየስ ደግሞ ሦስት ሳተላይት በሞላላ ምህዋር አዞረ፣ ተራ እየገቡ የሰሜን አሜሪካን ሰማይ እንዲጠብቁ። ከተማ ውስጥ ፎቅ ሲጋርድ መሬት ላይ የተተከሉ ደጋሚ ማሰራጫዎች ያግዛሉ። እኔን ግን የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ መቀበያው ያንኑ ፕሮግራም ከአንዱ ሳተላይት አሁን፣ ከሌላው አራት ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ይቀበላል። ድልድይ ሥር ስታልፉ የጎደለችውን ቁራጭ ከዘገየው ወስዶ ይሞላታል። እናንተ ምንም አትሰሙም። አምስት ኪሎ ምህንድስና ስማር ስለዚህ ዘዴ ያነበብኩ ቀን እጄን አፌ ላይ ነው የጫንኩት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር አስተውሉ። መንገዱ ወደ ታች ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ የተለጠፈችው የብስኩት ታህል አንቴና 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ መልስ የምትልክበት አቅም የላትም፣ እንድትልክም አልተሠራችም። ኩባንያው «ሚስጥርዎን እንጠብቃለን» ብሎ መማል አያስፈልገውም። ሚስጥሩን የሚጠብቀው ፊዚክሱ ነው።

«ስልክ እያለህ» ለሚለው ጓደኛዬ መልሴ ከዚሁ ይጀምራል። ስልክ ላይ ዘፈን ስትከፍቱ ዘፈኑ ወደ እናንተ ከመምጣቱ በፊት እናንተ ወደ ዘፈኑ ትሄዳላችሁ። ማን እንደሆናችሁ፣ ከየት እንደጠየቃችሁ፣ በምን ዓይነት ስልክ እንደሆነ ተናግራችሁ ነው የሚፈቀድላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ፣ እንጀራዬ ነውና። አንድ ሰው «ቀጣይ» የሚለውን ሲጫን አንድ መስመር ይጻፋል። ሲያቆም መስመር ይጻፋል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱን ዘፈን ለሰባተኛ ጊዜ ሲደግም መስመር ይጻፋል። መስመሮቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ምንም አይደሉም። ስድስት ወር ሲጠራቀሙ ግን ሰውዬው መቼ እንደሚነቃ፣ መቼ ሥራ እንደለቀቀ፣ ከመቼ ጀምሮ ብቻውን እንደሚያድር ይናገራሉ። ይህንን ለማወቅ ክፉ መሆን አያስፈልግም፣ ሠንጠረዡን በሰዓት መደርደር ብቻ ነው። አማርኛ ለዚህ ሥራ ድሮም ስም አለው፦ ጆሮ ጠቢ። ድሮ በሰፈር አንድ ሁለት ይኖር ነበር። አሁን በየኪሳችን አለ፣ ቻርጅ የምናደርገውም እኛው ነን።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ታክሲ የሚነዳ አበሻ ብዙ ነው። ጋሼ የምላቸው አንድ ጎረቤቴ ሌሊት ነው የሚሠሩት፣ መኪናቸውም ውስጥ የሳተላይት ሬዲዮው አይዘጋም፣ ዜና ካልሆነ የድሮ ጃዝ።

«ጋሼ፣ ስልክዎ ላይ እኮ ሁሉም አለ፣ ለምን ይከፍላሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ መልሱን ከሳቸው አፍ ለመስማት ስል።

«ስልኩማ መች ይተወኛል? ይሄን ወደድክ ወይ፣ ይሄንንም ስማ፣ እዚህ ጋ ተጫን። ይሄኛው ስለ እኔ አያወራም ልጄ፣ ለእኔ ነው የሚያወራው።»

እኔ በሦስት አንቀጽ ለማስረዳት የምታገለውን እሳቸው ቀይ መብራት ላይ ቆመው ጨረሱት።

ከዋሽንግተን ወደ ምዕራብ ነድታችሁ ሸናንዶዋን አልፋችሁ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ስትዘልቁ ብሔራዊ የሬዲዮ ጸጥታ ቀጠና የሚባል አገር አለ። በ1958 የተከለለ፣ 13 ሺህ ስኩዌር ማይል የሚሸፍን ነው። ግሪን ባንክ የሚገኘው ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሰማዩን ሹክሹክታ ያለ ሁካታ እንዲያደምጥ ተብሎ አካባቢው ላይ ማሰራጫ እንደልብ አይተከልም። ወደ ቴሌስኮፑ ስትጠጉ የሞባይል ኔትወርክ ይጠፋል። እኔ በሄድኩበት ቀን ስልኬ ድንጋይ ሆነ፣ ካርታው እንኳ ግማሹ ላይ ቆመ። ሬዲዮው ግን ይዘፍናል። ጫካውና ገደሉ ሰማዩን ሲጋርዱበት ይቆራረጣል፣ ገለጥ ሲል ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል። ያን ቀን ቴሌስኮፑና የኔ ሬዲዮ አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ነበሩ፦ ከላይ የመጣውን መቀበል፣ ራስ ምንም አለመናገር። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ሥራውን ሳይረብሽ የሚሠራ የኔ ዕቃ እሱ ብቻ ነበር።

ቤት ውስጥ ሲሆን ትንሽ ልፋት አለው። የኔ ዓይነቱ ከመኪናው ማስቀመጫ ተነቅሎ ሳሎን ያለው ሌላ ማስቀመጫ ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ነው፣ ስለዚህ በአንድ ክፍያ ሁለቱም ጋ ይሠራል። ችግሩ አንቴናው ነው። ከዚህ ሆናችሁ ስታዩ ሳተላይቶቹ ወደ ደቡብ ናቸውና አንቴናዋ በዚያ በኩል ሰማይ ማየት አለባት። አፓርታማዬ ሰሜን ዞሮ ቢሆን ኖሮ ዕቃው ጌጥ ሆኖ ይቀር ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አንቴናዋን እንደ ጥና ይዤ ቤቱን ዞርኩ፣ በመጨረሻ ማዕዘን ላይ ያለው መስኮት ደፍ ላይ ተቀመጠች። ባለቤቴ እስከ ዛሬ አበባውን ከዚያ ያነሳሁበትን ምክንያት አልተቀበለችውም።

ይሄንን ልፋት ለመሸሽ አብዛኛው ሰው የሚያደርገውን አውቃለሁ። ኩባንያውም የሚያቀርበው እሱኑ ነው፦ ቤት ውስጥ ሲሆኑ በስልክ መተግበሪያው ወይም በሚያናግሩት ድምፅ ማጉያ ይስሙ። ጥራቱ ጥሩ ነው፣ አንቴናም የለው፣ ገመድም የለው። ግን ምን እንደተለወጠ እዩ። ጣቢያው ያው ነው፣ አቅራቢው ያው ነው፣ ዘፈኑ ያው ነው። መኪና ውስጥ መንገድ ላይ እየተጓዝኩ ማንም አላየኝም፣ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ሳሎኔ ስቀመጥ ግን ተቆጠርኩ። ሰው ሁሉ የሚያስበው ተቃራኒውን ነው፤ አደባባይ ላይ እንታያለን፣ ቤታችን ገመናችን ነው ብለን። ኢንተርኔቱ ይህንን ገልብጦታል፣ እኛም ስንገለበጥ «ተመቸን» አልን።

አሁን ወደ ቆላፊው። የሳተላይቱ ሞገድ ከሜይን እስከ ካሊፎርኒያ ከፈለም አልከፈለም በሰው ሁሉ ጣሪያ ላይ ይዘንባል። የሚከፈለው ለመፍቻው ነው። እያንዳንዱ መቀበያ የራሱ ቁጥር አለው። ስትከፍሉ ከሰማይ «የዚህ ቁጥር ባለቤት ይስማ» የሚል መልእክት በአህጉሩ ሁሉ ላይ ይለቀቃል፣ ልክ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስም እንደሚጠራው። መኪናውን ደጅ አቁማችሁ ሬዲዮውን ከፍታችሁ ጠብቁ የሚባለው ለዚህ ነው፣ ስማችሁ ሲጠራ እንዳያመልጣችሁ። እዚህም ላይ ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኩባንያው የሚያውቀው መክፈላችሁን እንጂ መስማታችሁን አይደለም። ይህንን ያህል ጨዋነት በንድፉ ውስጥ አለ።

ግን ቁልፍ ቁልፍ ነው። በ1997 ፈቃዱ ሲሰጥ አንዱ ሌላውን እንዳይጠቀልል የሚከለክል ገደብ ነበረበት፣ ሐሳቡ ሁለት ተፎካካሪ ይኑር ነው። በ2008 ያው ኮሚሽን ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ሲሪየስና ኤክስኤም እንዲዋሃዱ ፈቀደ። ከተሰጡት ማለዘቢያዎች አንዱ ለሦስት ዓመት ዋጋ እንዳይጨምሩ ነበር። ሌላው ከጣቢያዎቹ 8 በመቶው ለትምህርታዊና ከኩባንያው ውጪ ለሆኑ አሰራጮች እንዲለቀቅ ነበር። ሦስት ዓመቱ አለቀ። ተፎካካሪው ግን አልተመለሰም። ከዚያ የሆነው የታወቀ ነው። የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ደንበኛ ሲወጣ ሆን ተብሎ ይንገላታል ብላ በዲሴምበር 2023 ከሰሰች፣ በኖቬምበር 2024 ፍርድ ቤቱ የማቋረጫው አሠራር የፌዴራል ሕግ ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ሰማዩ የሕዝብ፣ መፍቻው የአንድ ቤት ሲሆን እንዲህ ነው።

ቁልፍ ምን እንደሚያመጣ ለመረዳት ግን እኛ አበሾች ሩቅ መሄድ የለብንም። አዲስ አበባ ከኢትዮጵያዊት እናትና ከሱዳናዊ አባት የተወለዱት ኖህ ሳማራ በ1990 ዎርልድስፔስ የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። አሜሪካኖቹ ለመኪናቸው ሙዚቃ ሲያስቡ እሳቸው ያሰቡት ኤፍኤም ለማይደርሰው የአፍሪካ ገበሬና መምህር ነበር። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይታቸው በኦክቶበር 1998 ተወነጨፈች፣ ኤክስኤም ድምፁን ከማሰማቱ ሦስት ዓመት ገደማ ቀድማ። እንዲያውም ኤክስኤም ሲጸነስ የዎርልድስፔስ ገንዘብና ዕውቀት ነበረበት፤ ድርሻውን የሸጠው በ1999 ነው። ድምፁን የሚያሽገው በኤምፒስሪ ነበር፣ ያኔ ገና ብዙ ሰው ስሙን ሳይሰማው። መቀበያዎቹን እነ ሂታቺና ፓናሶኒክ ሠሩ። የኩባንያው ቢሮ መጨረሻ ላይ የነበረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ እኔ እንጀራ የምገዛበት ከተማ። በእኔ ዕድሜ ያለ የሐበሻ ልጅ የማንን የጋራዥ ታሪክ በቃሉ እንደሚያውቅ ታውቃላችሁ። ይህንን ግን ስጠይቅ የሚያውቀው አላገኘሁም።

መጀመሪያ ላይ መቀበያውን የገዛ ሁሉ በነፃ ይሰማ ነበር። ገቢ ሲታጣ ጣቢያዎቹ ተቆለፉ፣ ክፍያ መጣ። በኦክቶበር 2008 ኩባንያው ኪሳራ አወጀ፣ ብዙም ሳይቆይ ስርጭቱ ቆመ። እና መቀበያዎቹስ? ሌላ ምንም መስማት አይችሉም ነበር። ገንዘብ ተከፍሎባቸው የተገዙ፣ ሽቦአቸው ያልተቆረጠ፣ ባትሪያቸው ያልሞተ ዕቃዎች ሸክላ ሆኑ። በዚያው ዓመት የተገዛ ተራ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ግን ዛሬም ይሠራል፣ ምክንያቱም ፈቃዱን የሚጠይቀው የለም። የኖህ ሳማራ ሐሳብ ትልቅ ነበር፣ አሁንም ትልቅ ነው። የገደለው ቁልፉ ነው አልልም፣ ገንዘቡ ነው። ሬሳውን ከሬዲዮነት ያወጣው ግን ቁልፉ ነው።

የአጭር ሞገድን ነገር ካነሳሁ፣ ሰኔ 2012 (በኛ አቆጣጠር) አዲስ አበባ ነበርኩ። ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላው አገር ተዘጋ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ። እኛ ኮምፒውተር የተማርነው ልጆች ስልካችንን እያበራን እያጠፋን፣ ኤሮፕላን ሞድ እያስገባን እያወጣን፣ አስማት እንደሚፈታ ሰው ስንታገል ዋልን። አባቴ ምንም አላለም። ከቁም ሳጥን ላይ ሬዲዮውን አውርዶ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ መስኮቱ ጋ አስጠጋው፣ ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨው ዶቼ ቬለ ገባ። ጎረቤቶች መጡ። ማን እንደመጣ፣ ምን ሰምቶ እንደሄደ የተጻፈ መዝገብ በዓለም ላይ የለም። ይህንን ዓረፍተ ነገር ስለ ስልክ መጻፍ አልችልም።

ሬዲዮም ይታፈናል ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። በማርች 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ጋር አመሳስለው ለማፈን ዝግጅት መኖሩን በአደባባይ ተናግረዋል። ግን አፈና ይጮኻል፣ ጣቢያው ላይ ያለውን ጩኸት ሕፃን ልጅ እንኳ ይሰማዋል። አፋኙ ስርጭቱን ያበላሻል እንጂ የአድማጭ ስም ዝርዝር አያገኝም። የስልኩ ግን ተቃራኒ ነው፤ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ዝርዝሩም በጸጥታ ይሞላል። የቱ እንደሚያስፈራ ለየራሳችሁ ልተወው፣ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

አሁን የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ የመጨረሻው ባለ አንድ አቅጣጫ ዕቃም እንዲናገር እየተደረገ መሆኑ ነው። ከ2018 ወዲህ በአዳዲስ መኪኖች ላይ የሚገጠመው የሳተላይት ሬዲዮ ስሪት፣ ሦስት መቶ ስልሳ ኤል የሚሉት፣ ከሰማይ የሚመጣውን ከመኪናው የኢንተርኔት መስመር ጋር ያደባልቃል። የምትሰሙትን አይቶ «ይሄንንም ይወዱታል» ይላችኋል። ማለትም የጋሼ መኪና የስልካቸውን አመል ተማረ። መኪና ሲናገር ደግሞ ወሬው ዘፈን ላይ አይቆምም። በጃንዋሪ 2025 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጀነራል ሞተርስን የሚሊዮኖች መኪና ያለበትን ቦታና የአነዳድ መረጃ በቂ ፈቃድ ሳያገኝ ሰብስቦ ሸጧል ሲል ክስ አቅርቦበታል። ፍሬን እንዴት እንደምትረግጡ የኢንሹራንስ ዋጋችሁ ውስጥ ሲገባ «እኔ የምደብቀው የለኝም» የሚለው ሰው ምን እንደሚል መስማት እፈልጋለሁ።

እሱ ነገር ራሱ፣ «የምደብቀው የለኝም»፣ በጣም ነው የሚደክመኝ። ሽንት ቤት ስንገባ በር የምንዘጋው ወንጀል ልንሠራ አይደለም። የማንም ዓይን ሳይኖር መስማት ሰው ሐሳቡን የሚቀይርበት ቦታ ነው። የጠላውን ፖለቲከኛ አምስት ደቂቃ ይሰማል፣ የማያምንበትን ስብከት ይሰማል፣ የሚያፍርበትን ዘፈን ጮክ ብሎ ይዘፍናል፣ ከዚያ ይዘጋል። ነገ ጠዋት «ትናንት በሰሙት መሠረት» የሚለው የለም። ስልኩ ላይ ግን አምስት ደቂቃዋ ለስድስት ወር ትከተለዋለች።

ከተቃውሞዎቹ አንዱ እውነት ነው፣ አልክድም፦ ለአማርኛ ስል እኔም ወደ ስልኬ ነው የምመለሰው። ጥላሁንን ልስማ ስል የሳተላይት ሬዲዮው አይሰጠኝም። ይሄ ግን ክርክሬን አያፈርሰውም፣ ያስመርረዋል እንጂ። አፍሪስታር ከአዲስ አበባ በላይ በነበረች ጊዜ ይህ እንዳይሆን የሚያስችል ነገር ሰማይ ላይ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የሕዝብን ሞገድ የያዘ ኩባንያ ቢያንስ የዜናና የአደጋ ጊዜ ጣቢያዎቹን ለከፈለም ላልከፈለም መቀበያ ሁሉ ክፍት ያድርግ። ኩባንያው ቢዘጋ መፍቻው ለሕዝብ ይለቀቅ፣ ከአሁኑ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቀመጥ፣ ዕቃው እንደ ዎርልድስፔሶቹ ሸክላ እንዳይሆን። መኪና ሠሪዎችም ከሰማይ ብቻ የሚቀበል፣ መልስ የማይልክ ምርጫ ይተዉልን። ቴክኒካዊ እንቅፋት አለ የሚለኝ መሐንዲስ ካለ ቡና እጋብዘዋለሁ፣ ይዞ የሚመጣውን እንቅፋት ግን ይጻፈው። ለሙያ ጓደኛዬ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፦ ነገ ሥራ ቦታ «ተጠቃሚው ይህንን ሲጫን መዝግብ» የሚል ትእዛዝ ሲደርስህ መጀመሪያ ለምን ብለህ ጠይቅ። «ምናልባት አንድ ቀን ይጠቅመናል» ካሉህ ያ መልስ አይደለም።

እስከዚያው ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሰዎች፣ ሻጩን ስለ ሬዲዮው አትጠይቁት፣ አያውቅም። ራሳችሁ ክፈቱት። ፕሮፋይል፣ ስም አስገቡ፣ «ለእርስዎ የተመረጠ» የሚል ነገር ከወጣ ያ የሚያወራ ዓይነት ነው። የጣቢያ ቁጥርና የዘፈን ስም ብቻ ከወጣ ደግሞ አንቴናው ጣሪያው ላይ በቦታው መኖሩን አይታችሁ ስለ ጎማው መከራከር ጀምሩ።